ለጥር የተያዘ

ባለ ካሬ ደብተር መሃሉን ገልጬ፣
ጣናን ሣልኩት ማታ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ።
ጉበት መሰለብኝ። አንጓች ጎንበስ ብላ፣
«ደቅስ ወዴት ገባች፣ እንዲያ አገር አክላ?»
እርሳሱን ወሰደች፣ አንድ ጊዜ አዙራ
ደቅን አስቀመጠች፣ ዳጋን ከጎን አብራ።
ከዚያ መለሰችው።

እንግዲህ ዕቅዱ፦
ጥምቀት ካለፈ ወዲያ በሚመጣው ሳምንት፣
ሐሙስ ይሁን ዓርብ ገና አልቆረጥንለት፣
ወገግ ሲል ከሽምብጥ ገመዱን ፈተን፣
ክብራንን ተሳልመን፣ ዘጌን በግራ ትተን፣
ወደ ደቅ፣ ቀስ ብለን፣ ማንም ሳያስቸኩለን።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ውሃው ከደጃችን፣
የተሻገረው እንግዳ፣ የተመለከትን እኛ ነን።

ጀልባዋ የሽባባው ናት፣ የታናሽ እህቴ ባል፣
በርና መስኮት ሠሪ፤ ባሕር ማን ያውቅለታል?
ዛሬም በስተቀኝ በኩል ጎኗን ስትነካካ
ውስጧ ሰው ያለ መስሎህ ያምርሃል ልታንኳኳ።

ሸራውን አንጓች ሰፋች። ፋብሪካ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ክር ሲበጠስ ስትቀጥል፣ ሲላላ ስታጠብቅ፣
ግራ ጆሮዋ ከመኪናው ጩኸት የከበደ፣
ጣቷ ግን ከተሳሳተ ክር ዛሬም ያልተዋደደ።

ይማምን ጠየቅኩት፣ ደንገል የሚያስረውን፣
ነፋስ የሚነሣበትን፣ የሚወድቅበትን።
«ጠዋት ውሃው ያንተ ነው፣ ከሰዓት የራሱ፤
ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከዳሩ ድረሱ።»
ሸራውን ገልብጦ ስፌቱን ዳሰሰ፣
«የሰፋው ይያዘው» ብሎኝ ተመለሰ።
ቀልድ መሰለኝ።

ዕቃው፦ ሁለት ጃሪካን፣ በሶ፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣
ባትሪ፣ ብርድ ልብስ፣ ሌሊቱ ቢቆጣ፣
ማጭድ፣ እንቦጩ መንገድ ዘግቶ ቢያስቸግረኝ፣
የጉልበቴ ቅባት፣
የተነፋ ጎማ አንድ፤ መዋኘት የማልችል እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ቀን ናርጋ፤ ሥዕሉን አይተን፣
ዋርካ ሥር ምሳችንን በልተን፣ ተኝተን።
ሦስተኛው ቀን ዳጋ

እዚህ ላይ እርሳሴ ቆመ።
ዳጋ ሴት አትወጣም።
ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው፤
መስመር ሳሰምር ግን እንዴት ጠፋኝ? እንጃ።
«ጀልባው ውስጥ ትሆኛለሽ፣ ከጥላው ሥር፣ እኔ እስክመጣ፤
ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው…» አልኩና አፈርኩ፣ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ።

«እጠብቅሃለሁ» አላለችም አንጓች።
እርሳሱን ወሰደች።
ዳጋን በነጠብጣብ በዝግታ ከበበች፣
አንድ ዙር፣ ደግሞ ሌላ፣ ጫፉ እስኪዶለዱም ድረስ።
«አንተ እሱን ስትወጣ እኔ እዞረዋለሁ።
ጠዋት አይደል? ነፋሱ ቀጭን ነው፣ እይዘዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።
እኔ ግን ዳገቱን ያን ጊዜውኑ ወጣሁ፣
መነኮሳቱን እጅ ነሣሁ፣ የነገሥታቱን አፅም አየሁ፣
አየሁ ለማለት ያህል፤
ዓይኔ በዛፎቹ መሃል ቁልቁል ይፈልጋል
አንዲት ነጭ ጨርቅ፣ የጥፍር ያህል፣
በስተግራ ብቅ ትልና በስተቀኝ ትጠፋለች፣
ተመልሳ እስክትመጣ አንድ ክረምት ታህላለች።

ገና ታኅሣሥ ነው። ጀልባዋ ቀለም አልጠጣችም፣
ሽባባውም የምስማር እያለ ብር ይጠይቀኛል።
አንጓች አሁንም አልጋው ላይ፣ ደብተሩ ጉልበቷ ላይ፣
ዳጋን ጨርሳ ወደ ጎርጎራ እያሰመረች ነው፤
ያ በእኔ ዕቅድ ውስጥ አልነበረም።

ከዕቃው ዝርዝር ግርጌ በእስክሪብቶ ጨመርኩ፦
ሌላ እርሳስ፣ ለእኔ።